በጎንደር ነገሥታት ቤት የዘመዳሞች መለያየትና የዕርቅ መንገድ

በአንድ ቤት የተወለዱ ሰዎች ሲጣሉ ጠባቸው ከባዕድ ጠብ ይልቅ ሥር የሰደደ እንደሚሆን በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ሽማግሎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ባዕድ ከባዕድ ቢጣላ ድንበር ይካለላል፤ ዳኛ ይቆማል፤ ካሳ ይከፈላል፤ ከዚያም በኋላ ሁለቱ ባይተያዩ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። አባትና ልጅ ወይም ወንድምና ወንድም ሲጣሉ ግን የሚለያዩበት ድንበር አይገኝም። የሚቈጥሩት አያት አንድ ነው፤ የሚካፈሉት መሬት አንድ ነው፤ የሚቀበሩበት ደብርም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ የዘመድ ጠብ ወይ በዕርቅ ያልቃል፥ ወይም ሳያልቅ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ይህ ነገር በተራው ሕዝብ ቤት እንዴት እንደሚፈጸም ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በነገሥታት ቤት እንዴት እንደ ነበረ ግን በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚነገረው እንደ ፖለቲካ ታሪክ ብቻ ነው። ማን ማንን እንደ ሻረ፥ ማን በማን ላይ እንደ ሸፈተ ይጻፋል፤ የተጣሉት ሰዎች አባትና ልጅ፥ አያትና የልጅ ልጅ መሆናቸው እንደ ተጨማሪ ነገር ታልፎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ17ኛውና ከ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ታሪክ የታወቁ ጥቂት ነገሮችን መርጦ፥ በባላገሩ የዕርቅ ሥርዓት መስታወትነት መመልከት ነው። ከዚህም የሚገኘው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ የንጉሡ ቤት ዘመድን ከዘመድ የሚለይ የጸና ሥርዓት ነበረው፥ ዘመድን ከዘመድ የሚያስታርቅ የጸና ሥርዓት ግን አልነበረውም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የባላገሩ ቤት ሥርዓት

በአማራ ባላገር ዘንድ ዘመድ ከዘመዱ የሚቀያየምባቸው ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹ ጥቂቶች ናቸው። የመጀመሪያው የርስት ክፍያ ነው። ርስት እስከ 1975ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ከአባትም ከእናትም ወገን፥ ለወንድም ለሴትም ይወረስ ስለ ነበረ፥ የአንድ አቅኚ አባት ልጆች ሁሉ በአንድ መሬት ላይ ጠያቂዎች ነበሩ። ስለዚህ ወንድም ለወንድሙ ከሁሉ የቀረበ ረዳት ሲሆን ከሁሉ የቀረበ ተሟጋችም ነበረ። ሁለተኛው የሁለት እናቶች ልጆች ነገር ነው። አባት ሚስቱን ፈትቶ ወይም ሞታበት ሌላ ያገባ እንደ ሆነ፥ የፊተኛዪቱ ልጆች በእንጀራ እናታቸው፥ የኋለኛዪቱም በእነርሱ ይሠጋሉ። ሦስተኛው ልጅ ያለ አባቱ ፈቃድ ሲያገባ፥ ወይም አባቱ የማይወደውን መንገድ ሲከተል የሚነሣው ቍጣ ነው።

ጠቡ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ኵርፊያ ይሆናል፤ ሰላምታ ይቋረጣል፤ ከቤት ወደ ቤት እሳት መጫር ይቀራል፤ በአንድ ማዕድ መቅረብ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሙግት ይመጣል። የመጨረሻው ደረጃ በለቅሶ አለመድረስ ነው። በሕይወት ሳለ ያልተነጋገረ ሰው እንኳ ዘመዱ ሲሞት መጥቶ ያለቅሳል፤ ከለቅሶ የቀረ ግን ዝምድናውን ቈርጧል ይባላል። ከዚህ ሁሉ የሚፈራው የአባት እርግማን ነው። ፍትሐ ነገሥት አባት ልጁን ከውርስ ሊነቅል የሚችልባቸውን ምክንያቶች በጽሑፍ ዘርዝሯል፤ እርግማን ግን ከውርስ የሚያልፍ፥ ልጁን በሄደበት ሁሉ የሚከተለው ነገር እንደ ሆነ ይታመናል።

ዕርቁም እንደ ጠቡ ደረጃ አለው። ነገሩን የሚያነሣው ከሁለቱ ባለ ጠቦች አንዱ አይደለም፤ ቢያነሣ እንደ ተሸናፊ ይቈጠራል። አንድ የነፍስ አባት ወይም አንድ የታወቀ ሽማግሌ፥ ብዙ ጊዜም ዐቢይ ጾም ሲገባ ወይም በሰርግና በተዝካር ምክንያት፥ ነገሩን ይጀምራል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻቸው ይሰማሉ፤ የአንዱን ክፉ ቃል ለሌላው አያደርሱም። ከዚያ ወደ ተበዳዩ ቤት ሄደው በደጁ ይቆማሉ። ግቡ ቢባሉ አይገቡም፤ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፤ የለመኑት ነገር ካልተፈቀደላቸው እንደማይቀመጡ ይናገራሉ። ባለቤቱም ሽማግሌ በደጁ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ማየት ነውር ስለ ሆነበት በመጨረሻ ይሰማቸዋል። በዳይ የተባለው በትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ በተበዳዩ እግር ላይም ይወድቃል። ተበዳዩ ከወደቀበት ያነሣዋል፤ ካሳ የሚገባ እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ ይቈርጣሉ፤ ዋስም ይጠራል። ከዚህ በኋላ የታረቁት በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ሽማግሌዎቹም ይመርቃሉ። ዕርቅ ደም ያደርቅ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባቸዋል። አንደኛ፥ ከሁለቱ ወገኖች ውጭ የሆነና ከጠቡ ጥቅም የማይፈልግ መካከለኛ አለ። ሁለተኛ፥ በዳዩ በአፉ ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ማለቱም ለዘለዓለም የማያዋርደው፥ ተበዳዩ እጁን ዘርግቶ የሚያነሣው ዝቅታ ነው። ሦስተኛ፥ ከዕርቁ በኋላ ሁለቱም የሚመለሱበት ቦታ አላቸው፤ አባት አባት ሆኖ፥ ልጅም ልጅ ሆኖ ይቀራል። ከእነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ዕርቁ አይጸናም።

፪. መለየት ሥርዓት የሆነበት ቤት

በንጉሡ ቤት የዘመድ ጠብ ምክንያት ከባላገሩ እጅግ የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ የሚከፋፈለው ነገር ነው። መሬት ለብዙ ወራሾች ሊከፈል ይችላል፤ ዙፋን ግን አይከፈልም። ከይኩኖ አምላክ ዘር የተወለደ ወንድ ልጅ ሁሉ ሊነግሥ የሚችል ስለ ነበረ፥ እያንዳንዱ ወንድም ለነገሠው ወንድሙ ሥጋት ነበረ። ከ1294 እስከ 1299 ባሉት ዓመታት ዙፋኑ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የታየው ትግል ይህን ያስረዳል። ዘመዶችን በአምባ ላይ የማኖር ልማድም ብዙ ጊዜ ከዚያ ትግል ጋራ ተያይዞ ይነገራል።

አምባው በአምሐራ ምድር የነበረው የግሸን አምባ ነው። ዙሪያው ገደል፥ መውጫው ጥቂት የሆነ ተራራ ነበረ። ንጉሡ ሲሞት የሚነግሠው ከዚያ እንዲወርድ ይደረግ ስለ ነበር፥ አምባው የእስረኞች ቤትም የነገሥታት ማደሪያም ነበረ። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ እንኳ በ1434 ከመንገሡ በፊት በዚያ ነበረ። ነገሩ ክፋት ብቻ ነበረ ማለት አይቻልም። በኦቶማን ቤተ መንግሥት ሦስተኛው መሕመድ በ1595 ሱልጣን በሆነ ጊዜ 19 ወንድሞቹን አስገድሏል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ወንድምን ከመግደል ይልቅ መለየትን መረጡ፤ የአምባው ሥርዓት የደም ማፍሰስ ማስቀረያ ነበረ። ነገር ግን ደምን ሲያስቀር ዝምድናን ቈረጠ።

ይህ መቈረጥ ምን ያህል እንደ ነበረ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የነበረው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው አንድ ታሪክ ያሳያል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል የሆነ የንጉሡ ወንድም ከአምባው አምልጦ ወደ እናቱ ቤት መጣ። የሸሸውን የተቀበለ በሞት ይቀጣ ስለ ነበር እናቲቱ ልጅዋን በቤትዋ ልታኖረው አልቻለችም፤ ይዛ ወደ ንጉሡ አቀረበችው። ንጉሡም ስለ ምን እንደ ሸሸ ቢጠይቀው፥ በራብ መጎዳቱን የሚነግርለት መልእክተኛ ስላጣ ራሱ ሊነግረው እንደ መጣ መለሰለት። ንጉሡ ልብስና ወርቅ ሰጥቶ እንደገና ወደ አምባው መለሰው። አልቫሬዝ ልጁ ከጊዜ በኋላ ዳግመኛ ሸሽቶ እንደ ተያዘም ይተርካል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የክፉ ሰው መልክ አይታይም። እናቲቱ ልጅዋን አልጠላችም፤ ንጉሡም ወንድሙን አልገረፈውም፤ አለበሰው፥ ሸለመውም። ወንድምየውም ዙፋን አልጠየቀም፤ እንጀራ ብቻ ጠየቀ። ሆኖም የሚበላው አጥቶ የመጣውን ልጅ በቤቱ ሊያስቀረው የሚችል አንድ ሰው አልተገኘም። በባላገር ቤት ቢሆን ኖሮ እናቲቱ አማላጅ በሆነች ነበር፤ በእናት ምልጃ ያልተሸነፈ ወንድም ጥቂት ነው። የአምባው ሕግ ግን እናትን ከአማላጅነት ወደ አሳላፊነት ለወጣት። የግሸን አምባ በ1540 በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ወደቀ፤ ሥርዓቱም ለጊዜው ተቋረጠ።

፫. የ1632 ዕርቅ

ከዚህ በኋላ ያለው መቶ ዓመት ያህል የጦርነትና የመዛወር ዘመን ስለ ሆነ አልፎት፥ ወደ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን መምጣት ይገባል። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበለ፤ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ በ1625 ከመጣ በኋላም በ1626 ለሮማ ታዛዥነቱን በሥርዓት አረጋገጠ። የሃይማኖቱ ክርክር አገሩን እንደ ከፈለ ሁሉ የንጉሡንም ቤት ከፈለው። ከእናቱ ልጆች አንዱ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ለአዲሱ ሃይማኖት ከሁሉ ይልቅ የቀና ሆነ፤ ሌላው የእናቱ ልጅ የማነ ክርስቶስ ግን ቀደም ብሎ በ1617 ለአሮጌው ሃይማኖት ከተነሡት ሰዎች ጋራ ሆኖ ተጋዘ። አማቹ ዮልዮስም በዚያው ዐመፅ ሞተ። የንጉሡ ልጅ ፋሲለደስም ልቡ ከአባቶቹ ሃይማኖት ጋራ ነበረ።

በሰኔ 1632 በወይና ደጋ ከላስታው መልክዐ ክርስቶስ ሠራዊት ጋራ በተደረገው ጦርነት ሱስንዮስ ድል አደረገ። ጄስዊቶቹ የሞቱትን ስምንት ሺሕ ያህል ያደርሷቸዋል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መኳንንቱ ለንጉሡ ያሳዩት ምርኮ ሳይሆን ሬሳ ነበረ፤ የወደቁት አሕዛብ ወይም ባዕድ ጠላት እንዳልሆኑ፥ የገዛ ሕዝቡና የገዛ ወገኑ፥ ክርስቲያንም እንደ ሆኑ ነገሩት። በእንዲህ ያለ ድል ደስ ሊለው እንደማይገባም አስረዱት። ፋሲለደስም ከሚለምኑት ወገን ነበረ። በዚያው ወር ሱስንዮስ እያንዳንዱ ሰው ወደ አባቶቹ ሃይማኖት መመለስ እንደሚችል ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ተወለት። በመስከረም ወር 1632 ሞተ፤ አዘዞ በምትገኘው በገነተ ኢየሱስም ተቀበረ። ጄስዊቶቹ በካቶሊክ ሃይማኖቱ እንደ ጸና ሞተ ብለው ጽፈዋል።

ይህን ነገር የታሪክ መጻሕፍት የሃይማኖት መመለስ ይሉታል፤ ከሌላ ወገን ሲታይ ግን የአባትና የልጅ ዕርቅ ነው። ከባላገሩ ሥርዓት ጋራ ሲመዛዘን ሦስቱም ነገሮች በእርሱ ውስጥ ይገኛሉ። መካከለኛው የወደቀው ሕዝብና ስለ እርሱ የተናገሩት መኳንንት ናቸው፤ ከአባትም ከልጅም በላይ የሆነ፥ ሁለቱም ሊያፍሩት የሚገባ ነገር በመካከላቸው ቆመ። ዝቅ ያለው አባትየው ነው፤ ከድል በኋላ ዝቅ ማለት ከሽንፈት በኋላ ዝቅ ከማለት ይልቅ ይከብዳል። የሚመለስበት ቦታም አላጣም፤ ልጁ አባቱን አላሰረውም፤ የሞተውም ሕመምተኛ ሆኖ በቤቱ ነው። አባትና ልጅ በሃይማኖት ሳይስማሙ ታረቁ ማለት ይቻላል፤ ዕርቅ አንድ አሳብ መሆንን ሳይሆን አብሮ መኖርን የሚጠይቅ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ዕርቁ ግን ለቤቱ ሁሉ አልደረሰም። ሥዕለ ክርስቶስ ሃይማኖቱን አልለውጥም ስላለ ሹመቱንና ሀብቱን አጥቶ ተጋዘ፤ ጄስዊቶቹም በ1634 ከአገር ወጡ። ፋሲለደስ ከአባቱ ጋራ ያደረገውን ከአጎቱ ጋራ ለማድረግ አልቻለም ወይም አልፈቀደም።

፬. ወህኒ፤ ፋሲለደስና አድያም ሰገድ ኢያሱ

ከአባቱ መንግሥትን ያለ ደም የተቀበለው ፋሲለደስ ከገዛ ልጁ ጋራ የደረሰበት ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1666 ልጁ ዳዊት ሸፈተ። ፋሲለደስም በወህኒ አምባ አሰረው፤ ከግሸን መፍረስ በኋላ የተቋረጠውም ልማድ በወህኒ እንደገና ጸና። ፋሲለደስ በሚከተለው ዓመት በ1667 ሞተ፤ የነገሠው ሌላው ልጁ ዮሐንስ ነው። የአምባው ስምና በአማርኛ ለእስር ቤት ሁሉ የሚነገረው ወህኒ ቤት የሚለው ቃል አንድ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው፤ የሕዝቡ ቋንቋ ለወንጀለኛ ማሰሪያ የሰጠው ስም ለዘመድ ማሰሪያ ከቆመው ተራራ የመጣ ነው።

የዮሐንስ ልጅ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1682 ነገሠ። ከ1770 ጀምሮ በጎንደር የነበረው የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው፥ ኢያሱ ወደ ወህኒ ሄዶ በዚያ የታሰሩትን ዘመዶቹን አስጠራ። የነገሥታት ልጆች ሲሆኑ የለበሱት ቡትቶ ሆኖ አገኛቸው። ለኑሯቸው የተመደበው ገቢ በሚጠብቋቸው ሰዎች እጅ ስለሚቀር ምግባቸውም ልብሳቸውም ጐድሎ ነበር። ኢያሱም በሁኔታቸው አዝኖ አለበሳቸው፤ ገንዘብ ሰጣቸው፤ ለወደፊትም ተገቢ መተዳደሪያ እንዲኖራቸው አደረገ። ይህ ሥራው በጎንደር ዘመን ከተደረገው የዘመድ ርኅራኄ ሁሉ በላጩ ሆኖ ሲነገር ኖሯል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ዕርቅ ነበረ ወይስ ምጽዋት ብሎ መጠየቅ ይገባል። ልብነ ድንግል ለወንድሙ ልብስና ወርቅ ሰጥቶ ወደ አምባው እንደ መለሰው፥ ኢያሱም ዘመዶቹን አልብሶ የአምባውን ሥርዓት እንደ ነበረ ተወው። የሰውየው ልብ መልካም ነበረ፤ ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። በንጉሡ ቸርነት ላይ ብቻ የቆመ ሰላም ያ ንጉሥ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ይህም በራሱ በኢያሱ ላይ ታየ። ኢያሱ ከንግሥት መለኮታዊት የተወለደ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ልጅ ነበረው፤ እጅግ ከሚወዳት ከቅድስተ ክርስቶስም ሌሎች ልጆች ነበሩት። በባላገር ቤት የሁለት እናቶች ልጆች ነገር የተባለው ጠብ በቤተ መንግሥት ገባ። ኢያሱ ለዘመቻ ወጥቶ ሳለ ቅድስተ ክርስቶስ ሞተች። ንጉሡ በኀዘን ተሰብሮ የመንግሥቱን ሥራ ተወ፤ ወደ ጣና ሐይቅ ደሴትም ገባ። በጎንደር የቀሩት መለኮታዊትና መኳንንቱ በ1706 መጋቢት ወር አባቱ በሕይወት ሳለ ተክለ ሃይማኖትን አነገሡት። ኢያሱ ነገሩን ሰምቶ ወደ ጎንደር ለመዝመት ቢነሣም ሕመም ያዘውና ወደ ደሴቱ ተመለሰ። በጥቅምት ወር 1706 ጨቅላ መንዞ በምትባለው ደሴት የመለኮታዊት ወንድሞች በጠመንጃ ገደሉት፤ በምጽራሐ ደሴትም ተቀበረ።

በመጋቢትና በጥቅምት መካከል ሰባት ወር አለ። አባት በደሴት፥ ልጅ በከተማ ሆነው ተለያይተው የኖሩባቸው እነዚህ ወራት ለሽማግሌ ብዙ ጊዜ ናቸው። ሁኔታውም ዕርቅን የሚከለክል አልነበረም፤ አባት በኀዘንና በሕመም ደክሟል፥ ልጅም ገና ወጣት ነው። ሱስንዮስ ለፋሲለደስ እንዳደረገው ዙፋኑን በፈቃድ ለማስተላለፍ የሚያስችል መንገድ ነበረ። የጐደለው መካከለኛ ነው። በልጁ ዙሪያ የነበሩት የእናቱ ወገኖች ከጠቡ ጥቅም የሚያገኙ እንጂ ከዕርቁ የሚያገኙ አልነበሩም፤ አባትና ልጅ የታረቁ እንደ ሆነ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። በአማላጅ ቦታ ላይ የቆሙት ጠበኞች ሆኑ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የበቀል ሰንሰለት ነው። ተክለ ሃይማኖት ሁለት ዓመት ያህል ነግሦ በሰኔ 1708 ለአባቱ መታሰቢያ ታማኝ በነበሩ ሰዎች እጅ ተገደለ። ሕዝቡም ርጉም ተክለ ሃይማኖት አለው። አባትየው በቃሉ ረግሞት እንደ ሆነ መመርመር አያስፈልግም፤ አባቱን ያስገደለ ልጅ ያለ እርግማን ሊሞት አይችልም ብሎ ሕዝቡ ፈርዷል፤ የባላገሩ ቤት ሕግ በንጉሡም ቤት ላይ እንደሚሠራ በዚህ ስም መሰከረ። ቀጥሎ ከወህኒ ወርዶ የነገሠው የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነው። እርሱም የወንድሙን ገዳዮች ያዘ፤ መለኮታዊት በስቅላት ሞተች፤ ወንድሞችዋም ተገደሉ። ፍርዱ ተፈጸመ፤ ቤቱ ግን አልታረቀም።

፭. በሠራዊት የተጠራ አስታራቂ

የመጨረሻው ምሳሌ የእቴጌ ምንትዋብ ነው። ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበረች፤ በካፋ በ1730 ሲሞት ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ስለ ነበረ ከእርሱ ጋራ ነገሠች። ኢያሱ ዳግማዊ ከየጁ ኦሮሞ ወገን ውቢትን አግብቶ ኢዮአስን ወለደ። ኢያሱ በ1755 ሲሞት ኢዮአስ በልጅነቱ ነገሠ፤ በዚያን ጊዜም በአያትና በእናት፥ በሌላ አነጋገር በአማትና በምራት መካከል ፉክክር ተነሣ። ምንትዋብ የቋራ ዘመዶችዋን ይዛ ነበር፤ ውቢትም ወንድሞችዋን ከነፈረሰኞቻቸው ወደ ጎንደር አስመጣች። ልጁም በሁለቱ መካከል ሆኖ አደገ፤ ልቡም ወደ እናቱ ወገን አዘነበለ። የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል በ1767 በሞተ ጊዜ ሁለቱን ወገኖች በሚዛን ይዞ የቆየው ሰው ጠፋ፤ ወልደ ልዑል በሕይወቱ ሳለ ያላስተዋሉት አስታራቂ ነበረ ማለት ይቻላል።

ደም እንዳይፈስ በመሥጋት ምንትዋብ ከቤትዋ ጋራ በጋብቻ የተዛመደውን የትግሬውን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጠራችው። ሚካኤል ወደ ጎንደር ሲመጣ ብዙ ሠራዊት አስከትሎ መጣ፤ ብሩስ 26 ሺሕ ያደርሰዋል። እንዲያስታርቅ የተጠራው ሰው የሁለቱንም ወገኖች ኀይል ወደ ራሱ ሰበሰበ። በግንቦት ወር 1769 ኢዮአስ በእርሱ ትእዛዝ ታንቆ ተገደለ። ሚካኤል ከወህኒ በዕድሜ የገፋውን የበካፋን ወንድም ዮሐንስን አውርዶ አነገሠ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ሞተና ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠ። የመሳፍንት ዘመን ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓመት ይቈጠራል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጥ ነው። ምንትዋብ የዕርቅ መካከለኛ እንደሚያስፈልግ ዐውቃለች፤ በዚህም ከ1706ቱ ሰዎች ትበልጣለች። ነገር ግን የባላገሩ ሽማግሌ በደጅ የሚቆመው ባዶ እጁን ነው፤ ኀይሉ ሁሉ ተበዳዩ እርሱን ፀሐይ ላይ አቁሞ ለመተው በማፈሩ ላይ ነው። ሠራዊት ይዞ የሚመጣ ግን በደጅ አይቆምም፤ ይገባል። አስታራቂውን ለመፍራት ምክንያት ያለው ቤት ዕርቅን አያገኝም፤ ጌታ ለውጦ ይቀራል።

ምንትዋብ የልጅ ልጅዋን ራስዋ ባሠራችው በደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቀበረችው፤ እርስዋም በዚያው ተቀመጠች፤ በ1773 አረፈች። የምንትዋብ፥ የልጅዋ የኢያሱና የልጅ ልጅዋ የኢዮአስ ዐፅሞች ናቸው ተብለው በአንድ ሣጥን ያሉት ቅሪቶች በቍስቋም ለጎብኚ ይታያሉ። በሕይወት ሳሉ በአንድ ገበታ ሊያስቀምጣቸው የሚችል ሰው ያላገኙት አያትና የልጅ ልጅ በመቃብር አልተለያዩም። ባላገሩ የዘመድ መጨረሻው ደረጃ ለቅሶና መቃብር ነው ያለው በእቴጌይቱም ቤት እውነት ሆነ።

፮. መደምደሚያ

ከእነዚህ ነገሮች የሚገኘው ሐሳብ የነገሥታቱ ጠባይ ከባላገሩ ጠባይ የከፋ ነበረ የሚል አይደለም። ልብነ ድንግል ለወንድሙ አዝኗል፤ ኢያሱ ለዘመዶቹ አልቅሷል ቢባል የሚያምን ይገኛል፤ ምንትዋብ የልጅ ልጅዋን አልቅሳ ቀብራለች። ፍቅር አልጐደለም። የጐደለው ፍቅሩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ባላገሩ የዘመድ ጠብ እንደማይቀር ዐውቆ የሚፈታበትን ሥርዓት ሠርቷል፤ ማን እንደሚጀምር፥ የት እንደሚቆም፥ ምን እንደሚሸከም፥ ከዚያም በኋላ ማን ከማን ጋራ እንደሚበላ ወስኗል። ቂመኛው ልቡ እስኪበርድ አይጠበቅም፤ ሥርዓቱ ከልቡ ቀድሞ ይደርስለታል። የንጉሡ ቤት ግን የዘመድ ጠብ እንደማይቀር ዐውቆ የሠራው ተራራን ነው።

ንጉሥ ከሁሉ በላይ ነው የሚለው አሳብ ለዚህ ዋና ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከእርሱ በላይ ሰው የሌለ እንደ ሆነ በመካከሉ የሚቆም ሰውም የለም፤ በእግር ላይ መውደቅ የሚያውቀው ሌላው ሲወድቅለት ብቻ ነው። በ1632 ነገሩ የተቃናው ሱስንዮስ በወይና ደጋ ሜዳ ከራሱ የሚበልጥ ነገር ስላየ ነው። ይህን ያየ ሌላ ንጉሥ ቢገኝ ኖሮ የጎንደር ታሪክ ሌላ መልክ ሊኖረው በቻለ ነበር።

ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ከአመዱ የሚለው ምሳሌ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። ይሁንና በውስጡ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ሰው ቢርቅም ቢቀየምም በመጨረሻ የሚወድቅበት ቦታ የዘመዱ ደጅ ነው። ቁም ነገሩ ደጁ ተከፍቶ መገኘቱ፥ በደጁም ፊት የሚቆም ሽማግሌ መኖሩ ነው። ጎንደር ግንብን፥ ድልድይንና ቤተ ክርስቲያንን ያሠሩ ነገሥታት ነበሩዋት፤ ለገዛ ቤታቸው ግን ይህን አንድ ደጅ ሳይሠሩ አለፉ።